የቲያትር ቤቱ ክብ ግንብ

ገና ልጅ ሳለሁ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ «ትልቁ አዳራሽ» የሚለው አሮጌ ቲያትር ቤት ነበር። ከአምባሰል በኩል በመጣ ጥቁር ድንጋይ የተሠራ፣ ከፊቱ አራት ረጃጅም ዓምዶች የቆሙለት፣ ሰገነት ያለው ትልቅ ቤት ነው። ጣሪያውን ከውስጥ በሳንቃ የለበጠው የሐይቁን ጀልባዎች ይሠራ የነበረ አናጢ ስለሆነ፣ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የተገለበጠ ጀልባ ሥር የተቀመጠ ይመስለዋል። እኔ ሳውቀው ግን ተዘግቶ የሌሊት ወፍ ይኖርበት ነበር።

የዚያ አናጢ ረዳት የነበሩት አያ ይመር አርጅተው የአዳራሹ ዘበኛ ሆነዋል። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ ከመግሪብ በኋላ የሰፈር ልጆች ሁሉ ከጥበቃ ቤታቸው ደጃፍ እንሰበሰባለን፤ እሳቸውም የእንጨት ፍቅፋቂ ፍሙ ላይ ጣል እያደረጉ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፋኖሱን ዝቅ አድርገው ያወሩልናል። ዝቅ የማደርገው ጋዙ እንዳያልቅ ነው ይላሉ። እኛን ለማስፈራራት እንደነበር ግን ዛሬም አልጠራጠርም።

ካወሩልን ሁሉ የማልረሳው የግንቡን ነገር ነው። የአዳራሹ የኋላ ግንብ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ ነው። አንደኛው ጫፍ ላይ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ የሚያንሾካሹክ ሰው፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ጆሮውን ላስጠጋ አጠገቡ ያለ ያህል ይሰማል፤ መሀል የቆመ ምንም አይሰማም። በአዳራሹ ይጫወት በነበረው የኪነት ቡድን ዘንድ ተጣልቶ መድረክ መውጣት ነውር ነበርና፣ የተቀያየሙት በሁለቱ ጫፍ ይቆማሉ። በዳዩ «አፉ በለኝ» ይላል፤ ተበዳዩ «አፉ ብያለሁ» ብሎ ይመልሳል። ሳይተያዩ ታርቀው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

«መልስ ያጣ ቃልስ፣ አያ ይመር?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ምሽት።

«እሱማ የት ይሄዳል ልጄ፤ ግንቡን ሲዞር ይኖራል» አሉኝ። «እኔ አንዳንዴ ስጠርግ እሰማዋለሁ።»

እናቴ ዘሀራ በዚያ መድረክ ላይ የአምባሰልን ዜማ ታዜም ነበር። የሞተችው ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሆነ ድምጿን አላውቀውም። አባቴም ስሟን አያነሳም፤ ሰው ካነሳበት ተነስቶ ይወጣል። ግንቡ ቃል የሚያስቀር ከሆነ የእሷንም አስቀርቶ ይሆናል ብዬ ተመኘሁ።

በገበያ ቀን፣ አያ ይመር ገበያ ወጥተው ሳለ፣ በተሰበረው የጎን በር ሾልኬ ገባሁ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል። ወደ ግራው ጫፍ ሄጄ፣ እዚያ ከቆመ ዓምድ ጀርባ፣ ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ ለጠፍኩ። መጀመሪያ የራሴ ልብ ሲመታ ብቻ ሰማሁ። ቆይቶ ድንጋዩ ተነፈሰ።

«ዘሀራ» አለ።

ጠጉሬ ቆመ። 

«ዘሀራ፣ እያመመሽ ውጪና ዝፈኚ ብዬ ያስገደድኩሽ እኔ ነኝ። የጠራኋቸው እንግዶች ፊት እንዳላፍር ብዬ ነው። አፉ በይኝ።»

አባቴ ነበር። ጆሮዬን ሳላነሳ አጮልቄ ሳይ ከወዲያኛው ጫፍ ግንባሩን ከግንቡ አጣብቆ ቆሟል፤ እኔን አላየኝም። ጠበቀ። ደገመው። እንደገና ጠበቀ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። አባቴ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። መልስ አጥቶ ነው ብዬ አንጀቴ አልችል አለኝ፤ ከንፈሬን ድንጋዩ ላይ አድርጌ «አፉ ብያለሁ» አልኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ስሟን እየጠራ ያጫውተኝ፣ አሳሳቋን ሳይቀር እያስመሰለ ያስቀኝ ጀመር። እኔ ግን ነገሩ ከበደኝ። በእናቴ አፍ ይቅር ብያለሁ፤ እሷ ትበለው አትበለው ምን አውቄ? ልነግረው እልና ፊቱ ሲፈካ ሳይ እተወዋለሁ። እንዲህ ስተወው ስንት ዓመት አለፈ።

አምና፣ ሊያርፍ ሰሞን፣ ብቻችንን ሳለን እጁን ይዤ ተናዘዝኩለት። «አባዬ፣ ያን ቀን የመለስኩልህ እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለኝ ዝግ ብሎ። «ያንቺን ድምፅ አጥቼው ነው? አንቺማ የደገምሽው እሷ ከመለሰችልኝ በኋላ ነው። ታዲያ ምን ያስለቀሰኝ ይመስልሻል?»

 ያን ቀን እኔ እስክመልስለት ድረስ ጆሮዬ ከድንጋዩ ለአፍታ እንኳ አልተነሳም፤ ከእሱ ልቅሶ በቀር አንዳች አልሰማሁም። ታማሚ ነው፣ ተመኝቶ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ ግን እቀናበታለሁ። ድምጿን ፍለጋ የሄድኩት እኔ ነበርኩ።