የባለቤቴ ቀኝ እጅ

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርስ ሆኜ ብዙ ከሠራሁ በኋላ ወገቤን አመመኝና በሽተኛ ማንሳት ከበደኝ። አለቃዬ አዘነችልኝ መሰለኝ ወደ ጉዳት መዝገብ ክፍል አዛወረችኝ። እዚያ የምሠራው ሥራ ኮዲንግ ይባላል። መኪና የገጨውን፣ ከሕንፃ የወደቀውን፣ በድብደባ የተጎዳውን ሰው ፋይል አነባለሁ፤ የተጎዳውን የሰውነት ክፍል ለይቼ ለእያንዳንዱ ጉዳት ከአንድ እስከ ስድስት የክብደት ቁጥር እሰጣለሁ። አንድ መላላጥና መጫጫር ነው። ስድስት ማንም ሐኪም ሊያተርፈው የማይችለው ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞቹ እነዚህን ቁጥሮች ሰብስበው መትረፍ ሲገባው ያልተረፈ ሰው ካለ ለምን እንደሆነ ይነጋገሩበታል።

ያስቸገረኝ ቁጥሩ ሳይሆን የሰው አካል ነበር። በነርስነት የማውቀው አልበቃኝም። ፋይሉ ላይ "ጎድኑ ተሰብሯል" ተብሎ ከተጻፈ ስንት ጎድን እንደተሰበረ፣ በየትኛው ወገን እንደሆነ፣ ሳንባውን ነክቶት እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ስለዚህ ሥልጠና በወሰድኩበት ክረምት፣ አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለው ቤታችን፣ እራት ሲያልቅ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ትጋደምና እኔ መጽሐፌን ዘርግቼ በእሷ ላይ አጠና ነበር።

"ይሄ ምንድነው?" እላለሁ ብራኳዋን ነካ አድርጌ።

"እኔን ትጠይቀኛለህ? ተማሪው አንተ አይደለህ?"

ጎድኖቿ ጋ ስደርስ መኮርኮር ስለማትችል ትስቃለች፤ እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። ሃያ ሁለት ሰፈር ትንሽ ፀጉር ቤት አላት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ሹሩባ ስትሠራ ስለምትውል ብዙ ጊዜ አከርካሪዋ ላይ ሳለሁ እንቅልፍ ይወስዳታል። ያኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እቀጥላለሁ። ስለ ሰው አካል ካነበብኩት የበለጠ የማስታውሰው የእሷን አተነፋፈስ ነው።

ሥልጠናውን ጨርሼ ሥራውን ከለመድኩ በኋላ፣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት የባቡር ጣቢያውን ደረጃ ስትወርድ አዳለጣትና ቀኝ መዳፏን አስቀድማ ወደቀች። አንዲት የማታውቃት ሴት እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ታክሲ አስቁማ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል አደረሰቻት። ተጠርቼ ስሮጥ ድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጇን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አስተኝታዋለች።

"ልጃችንን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል?" አለችኝ ገና ስታየኝ።

ራጁ የእጅ አንጓዋ ላይ ትልቁ የክንድ አጥንት ተሰብሮ ስብራቱ መገጣጠሚያው ውስጥ መግባቱን አሳየ። ኦፕራሲዮን ተደርጋ ብረት ገባላት። ፋይሏ እንደማንኛውም ሰው ፋይል ወደ ክፍላችን መጣ። ከፊት ለፊቴ የምትሠራው፣ በዕድሜም በሥራም የምትበልጠኝ ባልደረባዬ ከጠረጴዛዬ ላይ አነሳችው።

"ይሄን እኔ እሠራዋለሁ" አለች። "አንተ ሂድና አጠገቧ ቁጭ በል።"

በማግስቱ ባለቤቴ ትራስ ላይ እንደተደገፈች ጠየቀችኝ። "ስንት ሰጣችሁኝ?"

"ሁለት።"

"ከስድስት ሁለት?" ትንሽ አሰበች። "እንግዲያው ተመስገን ነዋ።"

ተመስገን ነበር፣ እውነትም። ቁጥሩም ትክክል ነበር፤ እኔም ብሠራው ሁለት ነበር የምሰጠው። የሚለካው ለሕይወት ያሰጋ እንደሆነ ነው፤ አንጓ ደግሞ ሰው አይገድልም። ግን ከዚያ በፊት ስንት የአንጓ ስብራት "ሁለት" ብዬ አሳልፌያለሁ፤ እጁ የማን እንደሆነ፣ በእጁ ምን እንደሚሠራበት አስቤ አላውቅም ነበር።

ጄሶዋን እንዳሰረች አንድ እሁድ የልጃችንን ፀጉር ልትሠራ ተቀመጠች። ልጅቷ ጉልበቶቿ መሃል ገብታለች። በግራ እጇ ከፈለችው፤ መስመሩ ጠመመ። ደግማ ከፈለችው። ከዚያ ማበጠሪያውን አስቀመጠችና ልጅቷ እንዳታያት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከወደቀች ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማበጠሪያውን አነሳሁና ቦታ ተለዋወጥን።

"ከማጅራቷ ጀምር" አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች። "አትጎትት። ሦስት ቦታ ክፈለው፣ እኩል እኩል። አሁን የቀኙን በመሃለኛው ላይ አሳልፈው።"

"አባዬ፣ አመመኝ" አለች ልጄ።

"አላላው እንጂ" አለች እናቷ። "ጣትህን ወደ ቆዳዋ አስጠጋ። እንደሱ። እንደሱ።"

የሠራሁት ሹሩባ ምን እንደሚመስል ባልናገር ይሻላል። ልጄ ግን ሰኞ ትምህርት ቤት ይዛው ሄደች፤ ከዚያ በኋላም እናቷ እጇ እስኪድን ድረስ እሁድ እሁድ የእኔ ተራ ሆነ።

ጄሶው ሲወጣ እጇ ከስቶና ደርቆ ነበር። ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፤ ፊዚዮቴራፒስቱ እንዳሳየን እኔ ቀስ ብዬ አንጓዋን አጥፌ እዘረጋለሁ፤ እሷ ጥርሷን ነክሳ ስለ ሌላ ነገር ታወራኛለች። ፀጉር ቤቱን አልዘጋችውም። ለቀጫጭኑ ሹሩባ አንዲት ሠራተኛ ቀጠረች፤ እሷ እጥበቱንና ወፍራም ወፍራሙን ያዘች። አውራ ጣቷ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፤ ወደፊትም አይታጠፍም ተብለናል።

በቅርቡ ከሥራ ስወጣ ልወስዳት ሄድኩ። ወንበሩ ላይ የቆየች ደንበኛዋ ተቀምጣለች፤ አየር መንገድ የምትሠራ የበረራ አስተናጋጅ ናት። በሌላ ሰው እጅ አልሠራም ብላ ነው የመጣችው። ባለቤቴ ቀጭኑን ሹሩባ ጀምራ ግማሹን አድርሳዋለች። በመሃል አቆመችና እጇን አራገፈች።

"እረፊ እህቴ" አለች ደንበኛዋ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት። "በረራዬ ነገ ነው።"

ባለቤቴ አጠገቧ ቁጭ አለች፤ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ማውራት ጀመሩ። እኔም ጃኬቴን ሰቅዬ መጥረጊያውን አነሳሁና ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር ጠረግሁ።