ኪየር የዘለላት መስመር

ኪየር ጋትኬክ የመሥሪያ ቤታችን ተላላኪ ነው። ደብዳቤ ያደርሳል፣ ማኅተም ያስመታል፣ ስብሰባ ሲኖር ወንበር ይደረድራል። ኒውላንድ ሰፈር ሄዳችሁ ግን «ተላላኪው ኪየር» ብላችሁ ብትጠይቁ ቤቱን የሚያሳያችሁ አታገኙም። እዚያ ስሙ «ሚኒስትሩ» ነው። ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩት «ሚኒስትሩ መጣ!» ይላሉ፤ እሱም እጁን ከፍ አድርጎ ሰላም ይላቸዋል። ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ሰበቡን ያቀበልኩት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ የሆነውን መጻፍ ያለብኝም እኔ ነኝ።

አሸብር እባላለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጋምቤላ ስመጣ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብዬ ነበር፤ ይኸው አሥራ ሰባተኛዬን ጨረስኩ። ሙቀቱን ለምጃለሁ፣ የባሮን ዓሣ ለምጃለሁ፤ ኑዌርኛ ግን ከሰላምታ አላለፍኩም። ሰው ሁሉ በአማርኛ እያናገረኝ እኔ ምን አስጨነቀኝ? እንዲህ ነበር የማስበው። አሁን ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በተሰበሰበ ቁጥር ውሳኔዎቹ በዚያው ቀን በስልካችን ይደርሱናል። መብራት ካለ አትማቸዋለሁ፤ አንዱን ከማኅደር አስገባለሁ፣ አንዱን በራችን ላይ ካለው ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። ሰሌዳው ሥር ቆመው ጉዳያቸውን የሚጠብቁ ሰዎች «ምን ይላል?» እያሉ ኪየርን ይይዙታል፤ እሱም አማርኛውን እያነበበ በቋንቋቸው ይነግራቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቆይቶ አንድ ቀን መስኮቴ ላይ መጣ።

«አሸብር፣ ለእኔም አንድ ኮፒ አትምልኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ቤተ ክርስቲያን አነባለሁ። ሰው ይፈልጋል።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ፣ አምልኮው አልቆ በግቢያቸው ማንጎ ሥር ማስታወቂያ ሲነገር፣ የመጨረሻው ተራ የኪየር ሆነ። እኔም ከቅዳሴ ወጥቼ በዚያ በኩል ሳልፍ ከአጥሩ ጥግ ቆም ብዬ እሰማለሁ፤ ቃሉ ባይገባኝም ማየቱ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ከአንድ ሩቅ አገር ጋር የአየር አገልግሎት ስምምነት መጽደቁን ሲነግራቸው ኛጉዋ የሚባሉ አሮጊት ተነሥተው «አውሮፕላኑ እኛ ማረፊያ ይመጣል ወይ?» አሉ። «እሱን ገና አልነገሩኝም» አላቸው፤ ግቢው በሳቅ ሞላ። ይህን በኋላ የተረጎመልኝ እሱ ራሱ ነው። ብድሩም፣ የማዕድን ደንቡም፣ ከጎረቤት አገር ጋር የተደረገው ውልም ሁሉ በዚያ ማንጎ ሥር ያልፋል። የጎረቤት አገር ነገር ሲነሣ ብቻ ሳቁ ቀጥ ይላል፤ ከግማሽ የሚበልጠው ሰው ድንበር ማዶ እኅት ወይ ወንድም አለው።

አንድ ነገር ግን አስተውዬ ነበር። እኔ ጮክ ብዬ ባነበው አሥር ደቂቃ የሚፈጀውን ወረቀት ኪየር በአራት ደቂቃ ይጨርሰዋል። «መቼም ቋንቋችሁ ቆጣቢ ነው» እያልኩ እቀልድበታለሁ፤ እሱም ይስቃል። ለምን እንደሚያጥር አንድም ቀን የምሬን አልጠየቅኩትም።

ባለፈው ግንቦት አንድ ዓርብ አምስት ውሳኔዎች መጡ። ሁለቱ የብድር ስምምነቶች፣ አንዱ የአንድ ተቋም ማቋቋሚያ ደንብ፣ አንዱ ከሩቅ አገር ጋር የተደረገ የንግድ ውል ነበሩ። አምስተኛው ስለ ስደተኞች የተዘጋጀ ረቂቅ አዋጅ ነው። ስደተኞች በቀላሉ ፈቃድ አውጥተው ከመጠለያ ውጪ እንዲኖሩና ተቀጥረው እንዲሠሩ ያደርጋል ይላል። እንደ ልማዴ አተምኩት፣ ለኪየር ኮፒውን ሰጠሁት፣ በሩን ቆልፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በዚያ እሑድ ኛፑዎት ማንጎው ሥር ነበረች። ኛፑዎት የኪየር የወንድሙ ልጅ ናት። አባቷ ድንበር ማዶ በጦርነቱ ሞቶባት ትየርኪዲ መጠለያ ከገባች አሥር ዓመት አልፏታል፤ ሁለቱንም ልጆቿን የወለደችው እዚያው ነው። አንዳንድ እሑድ አጎቷን ለመጠየቅ ወደ ከተማ ትመጣለች። መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ያላት ሰአዳ አንድ ቀን ኛፑዎት የሠራችውን ዓሣ ቀምሳ «የሥራ ፈቃድ ብቻ አምጪልኝ፤ በማግሥቱ ማድ ቤቱን አስረክብሻለሁ» ካለቻት ከርሟል። ኛፑዎት ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታስበው ይህን ብቻ ነበር።

ኪየር አምስተኛውን ውሳኔ አንብቦ ሲጨርስ እልልታው ቀለጠ። ኛፑዎት ልጆቿን እቅፍ አድርጋ አለቀሰች። እኔም ከአጥሩ ጥግ ሆኜ አጨበጨብኩ። ምን ብሎ እንዳነበበላቸው ሳላውቅ አጨበጨብኩ!

ሰኞ ትየርኪዲ ተመልሳ ጎጆዋን ለአንዲት አዲስ መጪ ለቀቀችላት። ማክሰኞ ልጆቿን፣ ምንጣፏንና ድስቷን ይዛ ኪየር ቤት ገባች። በዚያው ሳምንት ደግሞ መጠለያው ውስጥ ቆጠራ ነበር። ነዋሪው በየቀጠናው በተመደበለት ቀን ቀርቦ የጣት አሻራ ይሰጣል፤ ያልቀረበ ሰው ስሙ ከራሽን ዝርዝር ይወጣል። የእሷ ቀጠና ተራ ሐሙስ ነው። አልረሳችውም፤ ምን ላድርግ ብላ አጎቷን ጠይቃዋለች። «ተወስኗል እኮ፤ ቆጠራ ስትጠብቂ ፈቃዱን ሌላ ሰው ይቀድምሻል፤ እዚሁ ተሰለፊ» ያላት ኪየር ነው። ይህን ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ነገረኝ።

ረቡዕ ሙሉ ቀን ስትንከራተት ዋለች። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልካታል፤ ያም «መመሪያ አልደረሰንም» ይላታል። ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ አንዱ «ወረቀት ካለ ያለው መዝገብ ቤት ነው» ብሏት መስኮቴ ላይ መጣች፤ ኪየርም ከኋላዋ ቆሟል። ያተምኩትን ወረቀት በአራት አጥፋ ይዛዋለች።

«ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ።

«አልጻፍኩትም እኅቴ፤ አተምኩት እንጂ።»

«ታዲያ ፈቃድ የት አለ? ሁሉም የለም ይላል። ተወስኗል አይደለም?»

ወረቀቱን ዘርግቼ የመጨረሻውን መስመር በጣቴ አሳየኋት። «የተወሰነው ረቂቁ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲተላለፍ ነው። እዚያ ገና ይወያዩበታል። ካጸደቁት በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል፣ ከዚያ መመሪያ ይወጣለታል። ዛሬ በዚህ ወረቀት ፈቃድ የሚሰጥሽ ሰው የለም።»

ወደ ኪየር ዞራ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱ ግን የመለሰው ለእኔ ነው፣ በአማርኛ።

«እሱን መስመር እኔ አላነበብኩም።»

«ለምን?»

«ሁልጊዜ አንድ ነው፣ አሸብር። ይተላለፍ፣ ይታተም፣ በሙሉ ድምፅ። ሰው ያዛጋል። ስለዚህ እዘለዋለሁ። ከድሮ ጀምሮ እዘለዋለሁ።»

ቋንቋችሁ ቆጣቢ ነው እያልኩ የቀለድኩት ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ። የግድግዳው ሰዓት ሰባት ሊል ነው፤ የትየርኪዲ ቆጠራ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። በሩን እንኳ በቅጡ ሳልቆልፍ ተነሣሁ፤ ልጆቹን ከቤት ይዘን መናኸሪያ ሮጥን።

ወደ ትየርኪዲ የሚያደርሰው የኢታንግ ሚኒባስ ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም። ሾፌሩ ላይ ጮኽኩበት፤ እሱም ስልኩን እየነካካ «ጋሼ፣ ከቸኮልክ ውረድና ግፋው» አለኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቀን ወጣን። ኬላ ላይ ደግሞ የኛፑዎት የይለፍ ወረቀት ቀኑ አልፏል ተብሎ ሌላ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ኪየር በመንገዱ ሁሉ ትንሹን ልጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል።

ስንደርስ አሥር ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ጠረጴዛዎቹ ታጥፈዋል፤ አንዲት ወጣት መዝጋቢ የአሻራ መሣሪያውን ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ደረቷ ላይ ያለው ባጅ ሊድያ ይላል። መታወቂያዬን አውጥቼ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ አልኳት፤ ድምፄንም ከፍ አደረግኩ። ያለቦታው ነበር፤ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም።

«ጋሼ፣ የዚህ ቀጠና ዝርዝር ተዘግቶ ተልኳል» አለችኝ በትሕትና። «ቅሬታ ግን እሞላላታለሁ።»

«ቅሬታው ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እሱን እኔ አልወስንም። ወደ በላይ ይተላለፋል።»

ኪየር ቀና ብሎ አያት። ያቺን ቃል ከእኔ ወረቀቶች ላይ ስንት ዓመት ሲዘላት የኖረ ሰው ነው።

ኛፑዎት ቅሬታው ላይ ከፈረመች በኋላ ልጆቿን እየጎተተች ወደ ድሮ ጎጆዋ ሄደች። በሩ ላይ የሌላ ሰው ልብስ ተሰጥቷል፤ ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል። ሴትዮዋን ውጪልኝ ልትላት አልቻለችም። ጥቂት ቆማ ተመለሰች፤ ወደ ጋምቤላም አብረን ተመለስን።

ኪየር ቤት ሁለት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ሆኑ። ለልጆቹ ይመጣ የነበረው እህልና ዘይት ቀረ። ሰአዳ ወረቀት የሌላትን ሰው መቅጠር ፈራች፤ «ወላሂ አዝኛለሁ፣ ግን ምግብ ቤቴን ያሽጉብኛል» አለች። ኪየር ቢሮ ምሳ መብላት ተወ፤ ስጠራው «ጠግቤያለሁ» ይለኛል። ውሸቱን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ያውቃል።

በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ አዳዲስ ውሳኔዎች መጡ። ከመለጠፌ በፊት የድሮውን ማኅደር ከመደርደሪያ አወረድኩ። ይተላለፍ የተባለው ሁሉ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ የጻፍኩበት ቦታ ይኖራል ብዬ ገጽ በገጽ ፈለግኩ። አንድም የለም። ቁጥር ሰጥቼ፣ በስቼ፣ አስሬ አስቀምጫለሁ፤ በቃ። እኔ መስመሯን እያነበብኩ ኖርኩ እንጂ ከኪየር በምን እሻላለሁ? ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለራሴም አልገባኝም። ማኅደሩን ሳልመልሰው ኪየር መስኮቱ ላይ ቆሞ አየሁት።

«ኮፒ አትምልኝ» አለ።

«ልታነብ ነው? ከዚህ ሁሉ በኋላ?»

«አነባለሁ። ሁሉንም።»

እሑድ ከቅዳሴ እንደወጣሁ ሄድኩ። ማንጎው ሥር ሰዉ ከወትሮው በዝቷል፤ ወሬው ሰፈሩን አዳርሷል። ኪየር ወረቀቱን ከመዘርጋቱ በፊት ረዘም ያለ ነገር ተናገረ፤ ስለ ምን እንደሆነ ከፊቱ ይታወቃል። «ሚኒስትሩ» ብሎ የጠራው አልነበረም። ከዚያ ማንበብ ጀመረ። አንዱ ብድር ነበር፣ አንዱ ከጎረቤት አገር ጋር የመንገድ ትራንስፖርት ስምምነት፣ ሌላው የግብር ጉዳይ። ስለ ስደተኞች ምንም አልነበረም። በእያንዳንዱ ውሳኔ መጨረሻ ላይ ቆም ይልና ያንኑ ነገር ደግሞ ይላል። አጠገቤ የነበሩትን ኛጉዋን ምን እንደሚል ጠየቅኳቸው።

«ገና ነው፣ ገና ነው ይላል» አሉኝ።

ሰዉ አዛጋ። ወጣቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ሰዓቴን ሳይ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጅቶበታል።

ወረቀቱን ሲያጥፍ ኛፑዎት ከኋላ አግዳሚ ላይ ተነሣች። ትንሹ ልጅ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ስለነበር እንደታቀፈችው ነው የተነሣችው። በቋንቋቸው አጭር ጥያቄ ጠየቀች። ኪየር በሰዉ መሀል ወደ አጥሩ፣ ወደ እኔ ተመለከተ።

«አሸብር፣ መቼ ነው የሚያልቀው ትላለች።»

የቀረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፌ ላይ የመጣው «በሚመለከተው አካል እየታየ ነው» የሚለው ነበር፤ በመስኮቴ ለመጣ ሰው ሁሉ ለዓመታት የሰጠሁት መልስ ነው። ዋጥኩት።

«አላውቅም» አልኩ። «ማንን እንደምጠይቅም አላውቅም። እኔም አብሬያት አጨብጭቤ ነበር፤ ይቅር በይኝ ይላል በላት።»

ኪየር ወደ እሷ ዞሮ ተረጎመላት። ርዝመቱን ልብ ብዬ አዳመጥኩ፤ ምንም አልዘለለም።