የነጭ ጨርቅ ሰሞን

ልብስ ሰፊው በአርባ ዓመት የሙያ ዘመኑ መርፌ ስትወጋው «ወይኔ» ብሎ አያውቅም። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ መጠጥ ያደርግና ሥራውን ይቀጥላል፤ የተወጋው የጎረቤት ጣት ይመስል ነበር። ዘንድሮ ግን አንዲት የመርፌ ጫፍ ታስፈራዋለች።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። ደረቱን ጨምድዶ ይዞት ሆስፒታል ገባ። የተዘጋችውን የልቡን ደም ሥር ስቴንት በሚሉት ቀጭን የሽቦ ቱቦ ከፈቱለትና ደም የሚያቀጥኑ ሁለት ዓይነት ክኒኖች ሰጥተው አሰናበቱት። «ሐኪም ሳያዝዎት አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ» ተባለ። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ሐኪም ፊት ራሱን የማይነቀንቅ ማን አለ?

ምክሩን ያስረሳው ሃያ ነጭ ጋውን ነው። ያው ሆስፒታል ለነርሶቹ አዘዘው። የመጀመሪያውን አንገትጌ ሲሰፋ መርፌዋ ነካ አደረገችው፤ ክኒኑ ያቀጠነው ደም ግን አልቆም አለ። በጨርቅ ጠቀለለው፣ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ደሙን ሲለማመጥ ቆየ። ዞር ቢል ሦስት ቀይ ነጠብጣብ ነጩ ጨርቅ ላይ ቁጭ ብሏል። ያን ዕለት የልቡን ቱቦ ረሳና ለጋውኑ ፈራ።

ሰፊ ብቻ የሚያስበውን አሰበ፤ ነጩ እስኪያልቅ ክኒኑ ይቆይ፣ ጥቁር ሱሪ ሲመጣ ይቀጥላል። ሚስቱ የቀረውን እንደምትቆጥር ስለሚያውቅ በየጠዋቱ ሁለቱንም ከማሸጊያቸው ፈልቅቆ የሸሚዝ ቁልፎች ያሉበት ጣሳ ውስጥ ይጥልና ባዶ ውኃ ይጠጣል።

በአራተኛው ቀን የሱቁን ደረጃ ሲወጣ ደረቱን አንድ ነገር ጫን አለው። ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ሞት ከኋላው ደረጃውን የሚወጣ መሰለው። ሱቅ አብራው ለምትውለው ሚስቱ ሊነግራት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የእሱ ደግሞ ባሰ፣ መድኃኒቱን ራሱን ነው የደበቀው።

ረፋዱ ላይ አንዲት ነርስ ጋውኗን ልትለካ መጣች። ሚስቱ ነጭ ቁልፍ ፍለጋ እጇን ጣሳው ውስጥ ሰደደች። ያወጣችው ቀዳዳ የለውም። ሌላም አወጣች። ስምንቱን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ባሏን አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን ምን ልታደርገኝ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ጋውኑ እንዳይበላሽ ብዬ...»

ነርሷ ክኒኖቹን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ስንት ቀን ተዉት?»

«አራት።»

«ደረትዎ ላይ የሚሰማዎት ነገር አለ?»

ሚስቱን በዓይኑ ጠርዝ አየ። ከዚያ «ዛሬ ጠዋት ጫን አለኝ» አለ።

ሚስቱ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ቱቦው ለሰውነትዎ ገና እንግዳ ነው» አለች ነርሷ። «ክኒኑ ከሌለ ደሙ እላዩ ላይ ይረጋና ድንገት ይዘጋዋል። ያኔ እዚሁ ወንበር ላይ እንዳሉ...» አልጨረሰችውም። ገና አንድ እጅጌ ብቻ የተሰፋለትን ጋውን እንደለበሰች አምቡላንስ ጠራች።

መንገዱን ሙሉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ምቱን ሲያዳምጥ ሄደ። ከአንዷ ምት በኋላ ሌላዋ እስክትመጣ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ሆስፒታል ሁለት ቀን አስተኝተው መረመሩት፤ ቱቦው አልተዘጋም። «ዕድለኛ ነዎት» አሉት። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ በዕድሉ አያምንም።

አሁን ክኒኑን የምትሰጠው ሚስቱ ናት። ውጦ ምላሱን አንስቶ ያሳያታል። ጣቶቹን በፕላስተር ጠቅልሎ መስፋቱንም ቀጥሏል።

ትናንት መርፌዋ ፕላስተሩን አልፋ ወጋችው። ጣቱን ከጨርቁ አርቆ ደሙን መጠበቅ ጀመረ። ደሙ ወዲያው ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አንቺ!» ብሎ ተጣራ። «ዛሬ ክኒኔን ሰጥተሽኛል?»

«ምላስህን አንስተህ አሳይተኸኝ የለም እንዴ?»

«እርግጠኛ ነሽ?»

መልሷን አልጠበቀም። የተወጋውን ጣት በሌላው እጁ ይዞ ደሙ እንደገና ጠብ እስኪል ይጨምቀው ጀመር።