ሁለቱ እመቤቶች

ቆንጂት ዓረብ አገር፣ ጅዴይዴ በሚባል ሰፈር ከሌሎች የአገሯ ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። አዘቦቱን የሰው ቤት ስታጸዳ ትውላለች፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ የሴቶቹ መረዳጃ ማኅበር ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች። አገር ቤት ኮምፒውተር ተምራ ስለነበር፣ ችግር የገጠማትን ሴት ሁሉ የምትመዘግበው እሷ ናት። "ፀሐፊያችን" ሲሏት ደስ ይላታል።

ቀድሞ የገባ ስም ስትጽፍ ኮምፒውተሩ ይጠይቃታል፦ አዲስ ይመዝገብ ወይስ ያለው ይታደስ? አንድ ሰሞን ይህን ችላ ብላ አንዲትን ሴት ደግማ አዲስ መዘገበቻትና ሴትየዋ የሩዝና የዘይት እርዳታ ደርባ ወሰደች። የማኅበሩ ሰብሳቢ እሙሽ በሰው ፊት፣ "ያኒ፣ እንዲያው ማንበብ አትችይም?" አለቻት። ቃሉ እንደ እሾህ ተሰካባት።

ከዚያ በኋላ ነው ኦዛይ ከሚባል ሰፈር አንዲት ሴት የመጣችው። ከአሠሪዎቿ ቤት ስትወጣ ፓስፖርቷ እዚያው ቀርቶባታል።

"ስምሽ ማን ነው?"

"እመቤት ስለሺ።"

ስሙ ቀድሞ ተመዝግቧል፤ የተጻፈው ስልክ ግን ሴትየዋ ከሰጠችው ሌላ ነው።

"ስልክ ቀይረሻል?"

"አዎ፣ ከወጣሁ ወዲህ።"

ሰልፉ ረጅም ነው፤ እሙሽም ከኋላዋ ቆማለች። ቆንጂት "ከዚህ በፊት እዚህ መጥተሽ ታውቂያለሽ?" ብላ እንኳ ሳትጠይቅ "ይታደስ" የሚለውን ተጫነች። የበፊቱ ስልክና ጉዳይ ጠፍቶ አዲሱ ተተካ።

ወራት አልፈው፣ ማኅበሩ አስቀድሞ የለመነው የዓይን ሐኪም እመቤት ስለሺን በነፃ ሊያክማት ቀን ሰጠ። ቆንጂት ደወለች።

የኦዛይዋ እመቤት ግራ ገባት። "ዓይኔ ምን ሆነ? እኔ ለፓስፖርቴ አይደል የመጣሁት?"

ቆንጂት ክው አለች። ቀድማ የተመዘገበችው፣ የዓይን ግፊት ያለባት፣ ባዕብዳ በሚባል ሰፈር አሠሪዎቿ ቤት የምትኖረው እመቤት ትዝ አለቻት። ስልኳ የትም የለም። እሙሽ ስትጠይቃት ግን እውነቱ ከአፏ አልወጣም። "ብደውል ብደውል አታነሳም" አለች። ተራው ለሌላ ተሰጠ።

አንድ እሑድ የባዕብዳዋ እመቤት ራሷ መጣች። "ማዳሜ ዛሬ ገና ፈቀደችልኝ። ተራዬ አልደረሰም?"

"ተደውሎልሽ አላነሳሽም እኮ!" አለቻት እሙሽ።

እመቤት ደነገጠች። "ውይ! ከእጄ ለይቼው አላውቅም... ምናልባት የምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ሲጮህ ሳልሰማው ቀርቼ ይሆናል። አትቀየሙኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።"

ቆንጂት ይህን መስማት አልቻለችም። ተነሥታ ቆመች። "አልተደወለልሽም። ስልክሽን አጥፍቼ የሌላ ሰው ስልክ ጻፍኩበት። ሳውቅም ዋሸሁ።"

እመቤት፣ "እሺ፣ አሁንስ ያዩኛል?" አለች።

ሐኪሙ ዳግመኛ ተለምኖ በሳምንቱ አያት። ቀኝ ዓይኗ ተረፈ፤ ግራው ጨልሞ ነበር። ቀድማ ብትመጣ ይተርፍ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም አለ ሐኪሙ። ቆንጂትን ይህ አላጽናናትም።

ዛሬ ተመሳሳይ ስም ሲገጥማት የእናት ስምና የትውልድ አገር ትጠይቃለች። ከተጠራጠረች አዲስ ትመዘግባለች፤ ስም ደገምሽ ብለው ቢቆጧትም ትቀበላለች። የሚከብዳት ሌላ ነው። እመቤት በተፈቀደላት እሑድ ሁሉ ትመጣና አንገቷን አዙራ በደህናው ዓይኗ እየፈለገች ትስማታለች። "አይዞሽ ቆንጂዬ፣ ኸላስ፣ አለፈ" ትላታለች። ብትሰድባት ይቀላት ነበር።