አኮ ከመጋረጃው ጀርባ የወጣች ለት

አንጮቴ፣ ያ ድንች መሳዩ ሥራ ሥር፣ ሲቀቀል ሽታው እርጥብ አፈር አፈር ይላል። ዛሬም ከጎረቤት ሲመጣብኝ በሩን እዘጋለሁ። ያኔ ቤቱ ጭር ይላል፤ እኔም ያቺን ቅዳሜ አስባለሁ።

የምንኖረው ቡርቃ ጃቶ ነበር። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት የቀረሁበት ክረምት ነው። ከጉቴ ሽማግሌዎች እህቴን ለልጃቸው ሊጠይቁ መጡ። ልጁ አስተማሪ ነው፤ ስሙ ሲነሳ እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። ያን ቀን እሷ ጎረቤት ተደብቃለች። እኔና የአባቴ እናት፣ አኮ ነው የምንላት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጠን የተቀቀለውን አንጮቴ እንልጣለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የሽማግሌዎቹ ድምፅ ይጠፋና ይመለሳል።

«እግራችንን አሞናል፤ እሺ ካላላችሁን እዚሁ ነው የምናድረው» አለ አንዱ። ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ ብዙ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

እኛ ዘንድ ልጅ ከመሰጠቷ በፊት ሁለቱም ወገን ዘሩን ይቆጥራል፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ። ደም ከተገናኘ ጋብቻ የለም። አባቴ ቀድሞ ቆጠረ። ከልጅነቱ ያጠናው ነው፤ ሲቆጥር ድምፁ ይወፍር ነበር። ቀጥሎ የጉቴው ሽማግሌ የልጁን አባት ስም ጠራ። አያቱንም ጠራና «እሱ እንኳ ትውልዱ ከአርጆ ነው፤ በቅሎ ነጋዴው» አለ።

አኮ መላጧን ተወች። ሰዎቹ ከጉቴ ናቸው ሲባል ምንም አልጠረጠረችም ነበር።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንሺኝ» አለችኝ። እጇን ይዤ አነሳኋት።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሴት እዚያ መሀል ስለማትገባ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«አቁሙት» አለች። «የበቅሎ ነጋዴው ልጅ ይኸው እዚህ ተቀምጧል።» በጣቷ አልጠቆመችም፤ አባቴን አየችው ብቻ። «እኔ አልወለድኩትም። በጉዲፈቻ ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው ከአርጆ ያመጣሁት። ልጁና ልጅቷ የወንድማማች ልጆች ናቸው።»

ጉዲፈቻ ነውር አይደለም። ነውሩ ያሳደጉትን ልጅ አልወለድኩህም ማለት ነው። የሚያውቁት ሁሉ አፋቸውን ይዘው ይሞታሉ። አኮ ብትናገር ልጇን ልታጣ ነው፤ ዝም ብትል እህቴ የአጎቷን ልጅ ልታገባ ነው።

«ሀርሜ?» አለ አባቴ። እናቴ? እንደ ማለት።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ። ምግቡን የነካው የለም። አባቴ ለብዙ ቀን ከአኮ ጋር አልተነጋገረም። አንድ ጠዋት ግን ከደጅ ቆሞ «ሀርሜ፣ አካም ቡልቴ?» አላት፣ እንደ ድሮው እንዴት አደርሽ ብሎ። አኮ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

እህቴ ግን ይቅር ማለት አልቻለችም። «ቀድማ ብትነግረን እኮ አልወደውም ነበር» አለችኝ ልብሷን እያጣጠፈች። አሶሳ ሄዳ ሥራ ያዘች። ስትደውል ለእኔ ነው፤ ስለ አኮ ጠይቃ አታውቅም። አኮ ደግሞ ስልኩ እንደተዘጋ «ምን አለች?» ትለኝ ነበር።

«ናፍቀሻታል። ሰላም በይልኝ ብላለች።»

«ከሳች ወይ?»

«ኧረ አልከሳችም አኮ፣ በስልክ እንዴት አያለሁ?» ስላት ትስቅ ነበር።

አኮ ባለፈው ክረምት አረፈች። አባቴ አሁን አርጆ ወዳሉት የሥጋ ወንድሞቹ ይመላለሳል፤ አብዛኛውን ቀን ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማፍር ዝምታ የሚከብደኝ አይመስለኝም ነበር። ይከብዳል።

በቀደም እህቴ ደወለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው ካወራን በኋላ «ስለ እኔ ትጠይቅ ነበር?» አለችኝ።

«ሁልጊዜ።»

«ምን ትያት ነበር?»

«ናፍቀሻታል እላት ነበር።»

ከወዲያ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል።

«እንኳን አልሽልኝ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።