ጳጉሜን ተራ የላትም

ሰኔ 30፣ ከባሕር ዳር መነሻ

ከባሕር ዳር የተነሣሁት የአባቴን ቦታ ልረከብ ነው። ቦታ ስል ሥልጣን እንዳይመስላችሁ። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ አባቴ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ማኅበር አባል ነበር። ማኅበርተኞቹ በሐዋርያት ቁጥር አሥራ ሁለት ናቸው። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን አንዱ ተረኛ ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ ሌሎቹን ይጋብዛል፣ ሲያበቃም ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። አሥራ ሁለት ሰው ለአሥራ ሁለት ወር ማለት ነው። ባለፈው ሚያዝያ አባቴ ሲያርፍ አንዱ ቦታ ክፍት ሆነ።

የማኅበሩ መሪ አያ ደርሶ ናቸው፤ በማኅበር ወግ “ሙሴ” ይባላሉ። ደውለው እንደነገሩኝ፣ ሐምሌ የአባቴ ተራ ስለሆነች ሐምሌ አምስት ማኅበሩ በእኛው ቤት ይውላል፣ የጎደለውም የዚያን ዕለት ይሞላል። ወይ እኔ ልጁ እገባለሁ፣ ወይ ጎረቤታችን ሞላ ይገባል። ሞላ ለማኅበሩ እንጨት ሲፈልጥ፣ ዳስ ሲጥልና ጠላ ሲቀዳ የኖረ፣ ቦታ እስኪለቀቅ በትዕግሥት የጠበቀ ሰው ነው።

ጭንቁ ያለው እህቴ ላይ ነው። ታላቅ እህቴ ጥሩዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ አባታችንን ስትጦር ኖራ አሁን ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ቀርታለች። መሬቷን የሚያርሱላት፣ አዝመራዋን የሚሰበስቡላት ማኅበርተኞቹ ናቸው። ጽዋው ከቤቱ ከወጣ ሰዎቹም ቀስ እያሉ እግራቸውን ይሰበስባሉ ብላ ትፈራለች። እኔ ብገባ ደግሞ በየወሩ ከባሕር ዳር እንዴት ልመላለስ? የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፣ ርቀቱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። እሷን አስገቧት እንዳልል በዚያ ማኅበር ሴት ገብታ አታውቅም። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ ሐዋርያት ወንዶች ናቸው።

ስለዚህ በጋይንት በኩል ዞሬ ቤተ ልሔም ደብር ያሉትን ሊቃውንት ልጠይቅ ወሰንኩ። ሐዋርያ የሚባለው ማን ነው? ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ይዤ ብሄድ ነገሩ በአንድ ቃል የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ጠብቄ፣ ካፖርቴን ደርቤ፣ በጠዋት መናኸሪያ ተገኘሁ።

በደብረ ታቦር በኩል

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ወዴት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ጉዞው የክርክር ጉዞ ሆነ። እናትየው አሥራ ሁለት ናቸው ብለው አበቁ። ከኋላ ያለው ጎልማሳ ጳውሎስን የት ጥለውት ነው ብሎ አሥራ ሦስት አደረሳቸው። ሾፌሩ ይሁዳን ቀንሱ እንጂ ብሎ ወደ አሥራ ሁለት መለሳቸው። ጎልማሳው ማትያስን ሲያመጣ እንደገና አሥራ ሦስት ሆኑ። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ እንዲህ ቢያደርጉኝ ዜሮ ነበር የምሰጣቸው።

ደብረ ታቦር ላይ ዝናብ ተቀበለን። የሰኔ ጾም ገና ስላልተፈታ ምሳችን ሽሮና የድንች ወጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጉና በጉም ተሸፍኖ አንዴም ሳይታይ አለፍነው። ብርዱ ግን እዚያ መሆኑን ነግሮናል። ማሳው ሁሉ ከል መስሏል፤ ገበሬው ከዝናቡ ጋር እየተሻማ ያርሳል። ነፋስ መውጫ አደርኩ።

ቤተ ልሔም

ከመኪና ከወረድኩ በኋላ ያለውን ጭቃ ለመግለጽ አልሞክርም። ጫማዬን ሁለት ጊዜ በልቶ ሁለት ጊዜ መልሶልኛል። የቤተ ክርስቲያኑ ደን ሲታይ የተማሪዎቹ ዜማ ቀድሞ ተሰማኝ። አንዱ ጎጆ አንድ ይላል፣ ሌላው ጎጆ ሌላ ይላል፣ ግን የሚረባበሹ አይመስሉም። እዚያ ያልተረበሸ ነገር እኔ ጭንቅላት ውስጥ ሲገባ ነው የተረበሸው።

የዜማ መምህሩን የኔታን መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው አገኘኋቸው። እጅ ነሥቼ የመጣሁበትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰምተው፣ ይሁዳ ከወጣ በኋላ ጴጥሮስ ያደረገውን አጫወቱኝ። የሚተካው ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሯቸው የዋለ፣ ያየ፣ የሰማ መሆን ነበረበት። ሁለት ሰው አቁመው ጸለዩ፣ እጣ ጣሉ፣ እጣው ለማትያስ ወጣ። ደስ አለኝ። አብሮ የዋለ ከተባለ ሞላ አለ፣ ከሞላም በላይ እህቴ አለች። ልነሣ ስል ያ የሚኒባሱ ጎልማሳ ትዝ አለኝ።

“የኔታ፣ ጳውሎስስ?”

ፈገግ አሉ። “ጳውሎስማ አብሯቸው አልዋለም። እነሱ ሲጸልዩ እሱ ያሳድድ ነበር። እጣም አልወጣለትም።”

“እንግዲያው ሐዋርያ አይደለም?”

“ነው እንጂ። ጌታ ራሱ ጠራው እኮ።”

ከዚያ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። በርናባስም ሐዋርያ ተብሏል አሉኝ፤ የጌታ ወንድም ያዕቆብም አለ። ከአሥራ ሁለቱ ቀጥሎ ሰባ ሁለቱ አርድእት፣ ከእነሱ ጋር ሠላሳ ስድስቱ ቅዱሳት አንስት አሉ፤ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ ሁሉም አንድ ቤት ነበሩ። ትንሣኤውን መጀመሪያ አይታ ለሐዋርያት ራሳቸው የነገረቻቸውም መግደላዊት ማርያም ናት። እሷስ ሐዋርያ ትባላለች ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። አንዱ ተማሪ ዜማውን አቋርጦ ዞሮ አየን።

“ወደ ሐዋርያት የተላከች ናት” አሉ በመጨረሻ። “አንተ ምን ትላታለህ?”

እኔማ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። የኔታ እጄን ይዘው፣ እኔ የዜማ ሰው ነኝ፣ ይህን የሐዲስ ኪዳኑን መምህር ጠይቅ አሉኝ። የሐዲሱ መምህር ግን ለቀብር ወንዝ ተሻግረው፣ ወንዙ ሞልቶባቸው ማዶ ቀርተዋል። አንድ መልስ ፍለጋ ሄጄ አምስት ይዤ ወጣሁ።

ወደ ወገዳ

ከዚያ ወዲያ ሕዝብ ማመላለሻ ስላልተገኘ የጫነ አይሱዙ ለምኜ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ የክረምቱን መንገድ ምክንያት አድርጎ የበጋውን ዋጋ እጥፍ አስከፈለኝ። ጋቢና ውስጥ አብሮኝ የተቀመጠው ሰይድ የሚባል የወገዳ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አባቴን ያውቀዋል፤ ለቀብሩም መጥቶ ነበር። መኪናው ጭቃ ውስጥ እየዋኘ እኔ የሐዋርያቱን ነገር ሳወራው በጥሞና አዳመጠኝ።

“በእኛም ሐዋርያት አሉ” አለኝ። “እናንተ ኢየሱስ የምትሉት የዒሳ ረዳቶች ናቸው። ስንት እንደሆኑ ግን አልተነገረንም።”

“አትቆጥሯቸውም?”

“ምን ሊያደርግልን?” አለና የመኪናውን በር ግጥም አድርጎ ያዘ፤ ወደ ገደሉ እያዘነበልን ነበር። በሰላም ወገዳ ስንገባ ገበያው ሊበተን ተቃርቧል። ሰይድ ሻይ ጋበዘኝ፣ ለእህቴም ሰላምታ ላከ። እኔ ግን እስከ መንደራችን በእግሬ ስወጣ፣ ካለመቁጠርና ከመቁጠር የቱ እንደሚሻል እንኳ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ሐምሌ አራት፣ ቤታችን

እታለም ጥሩዬ ስታየኝ አለቀሰች፤ ከዚያም ጫማዬን አይታ ሳቀች። ቤቱ የማኅበር ቤት ሆኗል። ጠላው ተጠንስሶ ደርሷል፣ የዳቦው ሊጥ በኮባ ሊጋገር ተዘጋጅቷል፣ የአባቴ መቀመጫ ላይ ንጹሕ አጎዛ ተነጥፏል። ለካ አባቴ ከታመመ ጀምሮ የሐምሌን ድግስ ያወጣችው እሷ ናት። ስሙ የእሱ፣ ድካሙ የእሷ ነበር።

ለነገው ወጥ ሽንኩርት እየላጠች የመንገዱን ወሬ ሁሉ አስወራችኝ። የኔታ ያሉትን፣ ሰይድ ያለውን፣ ማትያስን፣ ጳውሎስን፣ ሴቶቹን እንዳገኘሁ አዘበራረቅሁላት። አላቋረጠችኝም። ምን ይሻላል ስላት ግን፣ “ወንድምዓለም፣ ቦታውን ብትይዘው ደስ ይለኛል፤ አንተን ግን በስልክ ማኅበር አያበሉህም” አለችኝ። ስትናገረው ሳቀች፣ ዓይኗ ግን አልሳቀም። እኔም ነገ አፌን ሞልቼ የምናገረው አንድ ነገር እንኳ አልነበረኝም።

ሐምሌ አምስት

ከቅዳሴ መልስ ማኅበርተኞቹ ገቡ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ፤ ጾሙም ስለተፈታ የበግ ወጥ ቀረበ። ሁሉም በየቦታው ተቀመጠ። የአባቴ አጎዛ ባዶውን ነበር። ሞላ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይቀዳል፣ እኔ እንግዳ ሆኜ ከቄሱ ጎን ተቀምጫለሁ።

ከበላን በኋላ አያ ደርሶ ተነሡ። የሟቹን ነፍስ ይማርልን ብለው፣ እኔንና ሞላን አመስግነው፣ እንደ ሐዋርያት ሥርዓት እጣ ይጣል አሉ። በእኛ አገር እጣ ሲጣል እያንዳንዱ አንዳች ትንሽ ነገር ያዋጣል፤ የቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጥለዋል። ሞላ ከጓሮ አጥር ጭራሮ ሰበረ። እኔ ኪሴን ብዳብስ ስልክ እንጂ ምንም የለም። የካፖርቴ ቁልፍ ላልቶ ሲወዛወዝ ስላገኘሁት በጠስኩና ሰጠሁ። አያ ደርሶ ሁለቱን በመዳፋቸው ጨብጠው፣ ከቁጥሩ ውጪ ናት በማለት ይመስለኛል፣ ጓዳ የነበረችውን እህቴን ጠሩ።

“ጥሩዬ፣ ነይ አንቺ ጣይው። መጀመሪያ የጣልሽው ቦታውን ይወስዳል።”

እታለም እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለች። መዳፏን ከፈተች። ጭራሮውን አየች፣ ቁልፉን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ካፖርቴን አየች። በዚያ ቤት ካፖርት የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰዎቹም አብረዋት ካፖርቴ ላይ አፈጠጡ። እጣ የሚጥለው ሰው ማወቅ እንደሌለበት ሕፃን ያውቃል፤ እኔ ከተሜው ግን በደረቴ ላይ ማስረጃ ሰቅዬ ተቀምጫለሁ። አንዱ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም አፈርኩና ሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም። አልጣለችውምም። መዳፏን ጨብጣ፣ “አያ ደርሶ፣ እንደገና ከመጣሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ” አለች።

“ጠይቂ።”

“ጳጉሜን አምስት ተረኛው ማነው?”

ሰዎቹ ተያዩ። “ጳጉሜን ተራ የላትም” አሉ አያ ደርሶ። “እኛ አሥራ ሁለት ነን። ጳጉሜንን እንዘላታለን።”

“ጳውሎስስ ከአሥራ ሁለቱ ነው?”

አያ ደርሶ ወደ ቄሱ ዞሩ፣ ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። ከመንገድ የተለቃቀመውን ግርግር ማን እንዳመጣው ገብቷቸዋል። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “አይደለም። ሐዋርያ ግን ነው” አሉ።

“ማኅበሩ በስሙ ነው። ቁጥሩ ውስጥ ግን የለም” አለች እህቴ። “ሐምሌን ለሞላ ስጡት፣ ደክሞበታል። ጳጉሜንን ለእኔ ስጡኝ።”

አንዱ ሽማግሌ አሥራ ሦስት ልንሆን ነው እንዴ ብለው አጉረመረሙ። አያ ደርሶ ደግሞ በጳጉሜን ጎተራ እንደሚራቆት፣ በዚያ ሰዓት ማኅበር ማውጣት ለወንዱም እንደሚከብድ አስታወሷት። ገብስ እንደምታስቀር ነገረቻቸው። ሞላ ማንቆርቆሪያውን ይዞ እንደቆመ፣ ያን ዕለት እንጨቱን እኔ እፈልጣለሁ አለ። ከዚያ ቄሱ፣ ዓመቱ ስንት ወር ነው ተብሎ ቢጠየቅ ሰው አሥራ ሁለትም አሥራ ሦስትም እንደሚል፣ ስለዚህም ተጣልቶ እንደማያውቅ ተናገሩ። አጉረምራሚው ሽማግሌ መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

“እኛ አሥራ ሁለት ነን” አሉ አያ ደርሶ በመጨረሻ፣ ቃላቸውን እየመዘኑ። “ጳጉሜን ደግሞ የጥሩዬ ናት።”

ሞላ አጎዛው ላይ ተቀመጠ። ጽዋው እልል እየተባለ ለነሐሴው ተረኛ ወጣ። እኔ ስለ ቦታው ማንም እንዳልጠየቀኝ ያስተዋልኩት ቤቱ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ሸክም ወርዶልኛል፤ እንደ መቀማትም ተሰምቶኛል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

በእስቴ በኩል ወደ ቤት

መመለሻዬ በመካነ ኢየሱስ በኩል ሆነ። መንገድ ላይ መኪናው ተቀርቅሮ ወርደን ገፍተነዋል። መካነ ኢየሱስ ስንደርስ ጭቃዬን ታጥቤ ጥብስ በላሁ፣ የደብረ ታቦርንም አውቶቡስ ያዝኩ። ማንም ስለ ሐዋርያት እንዳይጠይቀኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር።

ከጉዞው ምን ተማርክ ብትሉኝ በእርግጠኝነት የምነግራችሁ የለኝም። ሐዋርያ ማን እንደሆነ ስሄድ አውቅ ነበር፣ ስመለስ አላውቅም። የተጠራም ነው፣ አብሮ የዋለም ነው፣ እጣ የወጣለትም ነው። እህቴ አሸንፋ ይሁን ወይስ ማንም ያልፈለጋትን ወር ተሸክማ ይሁን፣ እስካሁን እያሰብኩ ነው። የማውቀው በዚህ ክረምት መሬቷን እነማን እንደሚያርሱላት ነው።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ካፖርቴን እየሰቀለች ቁልፉ የት ሄደ አለችኝ። ልነግራት ስጀምር ስልኬ ጠራ። እታለም ናት፤ በሰላም መግባቴን ልትጠይቅ ነው የደወለችው።

“ቁልፍህ እኔ ጋ ነው” አለችኝ። “ጳጉሜን አምስት ትመጣለህ?”

“እንዴታ! የአባቴ ቤት አይደል?”

“እሱማ ነው። ግን እንግዳ ሆነህ ነው የምትመጣው” አለች እህቴ። “ተረኛዋ እኔ ነኝ።”