ቤንቶስ በሀብሩ ቆላ

ከሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪዎች ሳለን፣ መምህራችን ሐይቅ ወስዶን ከጀልባ ላይ አንድ የብረት መንጋጋ በገመድ ወደ ታች ሰደደ። መንጋጋው ይዞ የወጣው ጥቁር ጭቃ ነበር። ሁላችንም አፍንጫችንን ያዝን። መቅደላ ይማም ብቻ እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ክርኗ ገባችበት። "እናንተ የምታዩት ጣሪያውን ነው፤ ኗሪው እታች ነው" አለችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጭቅዬ" እያልን ጠራናት። ስንጠራት "አቤት!" ትለን ነበር፤ ያናደደን እሱ ነው።

የዚያ ጭቃ ኗሪዎች የወል ስም ቤንቶስ ነው። ከውኃ በታች ባለው ወለል ላይ፣ በአሸዋው፣ በደለሉና ከድንጋዩ ሥር የሚኖር ፍጡር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል፤ ትሉም፣ እጩም፣ ቀንድ አውጣውም፣ ሸርጣኑም። እኛ ቃሉን ለፈተና ሸምድደን በማግስቱ ረሳነው። እሷ ይዛው ኖረች። ታስተምርበት የነበረው ቤተ ሙከራ በጦርነቱ ወራት ባዶውን ሲቀር እንኳ፣ አንዲት የእጅ ማጉያ መነጽር በደረቷ ሸጉጣ አትርፋለች።

ኋላ ወልድያ ውስጥ ለአንድ ትንሽ አማካሪ ድርጅት በኮንትራት ተቀጠረች። ድርጅቱ መንገድ፣ የድንጋይ ካባ ወይም የአሸዋ ማውጫ ከመከፈቱ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እያጠና ሪፖርት ያዘጋጃል። ባለፈው የካቲት የመጣው ሥራ ከመርሳ በታች፣ ሀብሩ ቆላ ከሚወርድ አንድ ወንዝ አሸዋ በማሽን ስለ ማውጣት ነበር። ከቅጹ ዓምዶች አንዱ "ቤንቶስ" ይላል። መቅደላ የቀድሞዎቹን ሪፖርቶች ብታገላብጥ፣ በሁሉም ላይ በዚያ ዓምድ ሥር የተጻፈው "አይመለከትም" የሚል ነው።

የድርጅቱ ኃላፊ ወንዳወቅ ይባላል። በዕድሜ ያንሳታል፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው።

"መቅዲ፣ ወልድያ ላይ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?" አላት።

"አላየሁም።"

"ታዲያ ቤንቶስ ከየት መጣ? የባሕር ቃል እኮ ነው። ቅጹን ያወጡት ባሕር ያላቸው ሰዎች ናቸው። እኛ የሌለንን እንዘለዋለን።"

"ቃሉ ጨው አይጠይቅም። ውኃ ካለ ወለል አለው፤ ወለል ካለ ኗሪ አለው። የሲሪንቃ የመስኖ ቦይ እንኳ ቤንቶስ አለው።"

"እሺ፣ ዶክተር!" ብሎ ሳቀባት። ዶክተር እንዳልሆነች ያውቃል።

ዓምዱ ከተሞላ ወንዙ በበጋም በክረምትም መጠናት አለበት፤ ማሽኖቹም ዓመት ይቆማሉ። "አይመለከትም" ከተባለ ግን በሳምንቱ ይገባሉ። መቅደላ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ወረደች፤ ሁለት ቀን ድንጋይ እያገላበጠች እጩንና ትሉን ለቀመች፤ ያገኘችውንም ዓምዱ እስኪሞላ በእጇ ጻፈች። ወንዳወቅ ወረቀቱን እንደገና አስተየበው። ለሕዝብ ምክክሩ ስትወጣ መኪና ውስጥ የሰጧትን ቅጂ ገለጠችው። "አይመለከትም" ይላል። ከሥሩ "አጥኚ፦ መቅደላ ይማም" ተብሏል።

ወንዳወቅ ኋላ እንዳወራኝ፣ ገበሬዎቹ የጠበቋቸው የመስኖው ውኃ ከወንዙ በሚጠለፍበት ቦታ ላይ ነው። ከፊት የቆሙት የውኃ አባት አብዱልሐሊም ናቸው፤ ውኃውን በተራ የሚያከፋፍሉ፣ ተራ የሰረቀውንም የሚቀጡ። በስምምነቱ ወረቀት ላይ እሳቸው ጣታቸውን ካላሳረፉ ሌላው አያሳርፍም።

"በይ አንብቢላቸው" አላት ወንዳወቅ።

መቅደላ አነበበች። ቤንቶስ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጠፈችው። "እዚህ ላይ የተጻፈው ሐሰት ነው" አለች። "ስሜ ከሥሩ አለ፤ እኔ ግን አልጻፍኩትም። የጻፍኩትን በቃሌ እነግራችኋለሁ።"

"መቅደላ! የተጻፈውን አንብቢ!"

"የተጻፈውን አንተ አንብበው። በስምህ።"

የውኃ አባት እጃቸውን አነሡ። "ቆይ፣ ቆይ። እኛ ዘንድ ስለ ወንዙ የሚናገር ሰው ወንዙ ውስጥ ቆሞ ነው የሚናገር። ደረቅ ላይ የተነገረ አይጸናም። ደንባችን ነው። አንተ ልጅ፣ ጫማህን አውልቅ።"

"አባቴ፣ እኔ ለስብሰባ ነው የመጣሁት።"

"ውኃውም ተሰብስቧል፤ ግባ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንዳወቅ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። መቅደላም አጠገቡ ገብታ አንድ ድንጋይ ገለበጠችና ማጉያዋን ሰጠችው። ከድንጋዩ ሥር የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ ቱቦዎች ተለጥፈዋል። እያንዳንዱ ቱቦ ከአሸዋ ቅንጣት የተሠራ ነው፤ ውስጡም እጭ አለ፤ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ ይመለሳል።

"ቤት ሠርቷል" አለች። "ልትወስዱት ካሰባችሁት አሸዋ። አሁን እዚሁ ቆመህ አይመለከትም በል።"

"በል እንጂ!" አሉ የውኃ አባት። "እኔ የገዛ ልጄን ከጠለፋው በላይ ድንጋይ ቢያነሣ ቀጥቼዋለሁ። ወለሉ ሲታወክ ውኃው ይከረፋል፤ ከብቱ አይጠጣውም። አባቶቻችን የዚህችን ልጅ ቃል አያውቁትም፤ ነገሩን ግን ያውቁታል። በል፣ ምንም የለም በል!"

ወንዳወቅ ድንጋዩን ይዞ ቆመ። "ብዬስ ነበር" አለኝ፣ "እግሬ ሥር ባይንቀሳቀስ ኖሮ።"

አንድም ጣት አላረፈም። ሰዉ ሲበተን ወንዳወቅ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ መኪናው ሄደ። በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ ኮንትራቷ ሚያዝያ ላይ እንደሚያበቃ፣ እንደማይታደስም፣ ሁሉም እየሰማ ነገራት።

"ወረቀቱ ግን ይታረማል" አለችው። "ካላረምከው የእጅ ጽሑፌን ራሴ መርሳ ወረዳው ድረስ አደርሰዋለሁ፤ ሌላ ቅጂ አለኝ።"

"አሁን ትገቢያለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?"

"እቀራለሁ። የላይኛው ጥግ ገና አልተለቀመም።"

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። መቅደላ ጎንበስ ብላ የመልቀሚያ ነጭ ትሪዋን ውኃው ውስጥ ነከረች፤ ከዚያም እየለቀመች፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸች መቁጠር ጀመረች። "አንድ! ሁለት! ሦስት!" መኪናው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ፣ አለኝ ወንዳወቅ፣ አርባ አንድ ላይ ነበረች።